ትራውትና ሳልሞን ከትንሽ ጀልባ፦ እየጎተቱ ለማጥመድ ዝርዝር መመሪያ

ሲያትልና ሬንተን አካባቢ ጀልባ ገዝተው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ ከንጋት እስከ ቀትር ውሃው ላይ ሲዞሩ ውለው ባዶ ሳጥን ይዘው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ቀጥሎ የሚሄዱት ሱቅ ነው፦ ሌላ ቀለም፣ ሌላ ማባበያ። ማባበያችሁ ስንት ጫማ ጥልቀት ላይ ነበር? በምን ፍጥነት ይሄድ ነበር? ተብለው ሲጠየቁ ግን መልስ የላቸውም። ዓሣው የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ቀለም ትንሽ፣ ስለ ፍጥነትና ጥልቀት ብዙ ይናገራል።

የምናወራው ከ12 እስከ 16 ጫማ ርዝመት ስላለው ጀልባ ነው። ውሃዎቹም ሁለት ናቸው፦ ሌክ ዋሽንግተን ለከትስሮት ትራውት፣ ፒዩጀት ሳውንድ የሚባለው ባሕር ደግሞ ለኮሆ ሳልሞን። በሐይቁ ጀምሩ። ሐይቁ የባሕር ሞገድ፣ የመርከብ መስመርና ወደ ውጭ የሚወስድ ጅረት የለውም፤ እጃችሁ እስኪለምድ ይታገሣችኋል። በባሌ ወንዞች ትራውት ያጠመደ ካለ ዓሣውን ያውቀዋል፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። እዚህ ዓሣው ክፍት ውሃ ውስጥ ስለሚዘዋወር፣ ጀልባው በዝግታ እየሄደ ማባበያውን ከኋላ እየጎተታችሁ ፈልጋችሁ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ።

1. ከቤት ሳትወጡ

*ፈቃድ*

ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የዋሽንግተን ግዛት የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሐይቅና የወንዝ ፈቃድ አንድ ነው፣ የባሕር ፈቃድ ሌላ፤ ሁለቱንም የሚይዝ ጥምር ፈቃድም አለ። የፈቃድ ዓመቱ ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ስለሆነ በፌብሩዋሪ የገዛችሁት በማርች መጨረሻ ያበቃል። ለሳልሞን ከፈቃዱ ሌላ የመመዝገቢያ ካርድ ያስፈልጋል፤ ዓሣውን ለመውሰድ እንደወሰናችሁ እዚያው ጀልባው ላይ ትመዘግባላችሁ፣ ቤት ገብታችሁ አይደለም።

የሳልሞን ሕግ በዓመት አንድ ጊዜ አንብባችሁ የምትተዉት አይደለም። በሳምንት መካከል ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ የሚወሰደው ቁጥር ይቀየራል። ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ምሽት የግዛቱን የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ገጽ ከፍታችሁ የምትሄዱበትን ውሃ በስሙ ፈልጉ። ባሕሩ በቁጥር ተከፋፍሏል፤ ከሲያትል ፊት ለፊት ያለው አካባቢ 10 ነው። «ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት ይዟል» የሚለው ማስረጃ ተቆጣጣሪው ፊት አይሠራም።

ሞተራችሁ 15 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛው ሰው የጀልባ ነጂ ካርድ መያዝ አለበት። ካርዱ በኢንተርኔት ትምህርትና ፈተና ይገኛል።

*ለነፍስ የሚያዝ*

ይህን ክፍል አትዝለሉት። የፒዩጀት ሳውንድ ውሃ በበጋም ቢሆን በአብዛኛው ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል። እጅና እግሩ የሚታዘዝለት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ብርዱ ራሱን እስኪያስተው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አብዛኛው ሰው የሚሞተው በብርዱ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ውጦ ነው። ስለዚህ ላይፍ ጃኬቱ ከወንበር ሥር ሳይሆን ደረታችሁ ላይ ይሁን፤ ውሃ ውስጥ ከገቡ በኋላ መልበስ የሚሆን ነገር አይደለም። ሕጉ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ እንዲኖር ያዛል፤ ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ደግሞ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ያለ ልጅ ለብሶት መሄድ ግዴታው ነው።

• ፉጨት፣ መብራት፣ መቅዘፊያ፣ ውሃ መጨለፊያና መልሕቅ ከበቂ ገመድ ጋር ያዙ።
• ስልካችሁን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ አድርጉ። ባሕር ለመውጣት የእጅ ሬዲዮ ግዙ፤ የአደጋ ጥሪ የሚሰማው በቻናል 16 ነው።
• የሞተሩን ማጥፊያ ገመድ ሰውነታችሁ ላይ እሰሩት። ነጂው ቢወድቅ ጀልባው ብቻውን እንዳይሄድ ነው።
• የጥጥ ልብስ አትልበሱ። ጥጥ ከረጠበ በኋላ አያሞቅም፤ ጋቢ ቤት ይቅር። ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ የዝናብ ልብስ ይበቃል።
• ለሽንት የሚሆን ባዶ ዕቃ ያዙ። ያስቃል፤ ግን ጀልባው ጠርዝ ላይ ቆሞ ሲሸና የሚወድቅ ሰው ጥቂት አይደለም።

ጀልባው ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክ አንብቡ። ሰሌዳው ሦስት ሰው ቢል እንኳ በ12 ጫማ ጀልባ፣ ከነባትሪው፣ ከነነዳጁና ከነበረዶ ሳጥኑ፣ ሁለት ሰው ይበቃል። ጠዋት ላይ «የአጎቴ ልጅም መጥቷል» የሚል ስልክ ከተደወለ መልሱ «ሌላ ቀን እንወስደዋለን» ነው።

*ዘንግና ክር*

ለትራውት፦ ከ7 እስከ 8 ጫማ የሆነ ለስላሳ ዘንግ፣ ከ8 እስከ 10 ፓውንድ የሚችል ክር፣ ከ2 እስከ 3 ኢንች የሆኑ ቀጫጭን ስፑኖች (ማንኪያ የመሰሉ የብረት ማባበያዎች)። የሌክ ዋሽንግተን ትልልቅ ከትስሮቶች ትናንሽ ዓሦችን አሳደው ስለሚበሉ ስፑኑ ብርማ ሆኖ ትንሽ ዓሣ ከመሰለ ሥራውን ይሠራል።

ለኮሆ፦ ከ9 እስከ 10 ጫማ ተኩል ዘንግ፣ ከ20 እስከ 30 ፓውንድ ክር፣ 11 ኢንች ፍላሸር (ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ዓሣ የሚስብ የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ)፣ ከፍላሸሩ በኋላ ከ30 እስከ 40 ፓውንድ ሊደር (ማባበያው የሚታሰርበት አጭር ክር)። ሊደሩ ጫፍ ላይ ሁቺ የምታስሩ ከሆነ ርዝመቱን ከ28 እስከ 36 ኢንች አድርጉ፤ ስፑን ከሆነ ከ40 እስከ 60 ኢንች። ይህን ልዩነት የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። ሁቺ የጎማ ጭራ ነው፤ በራሱ አይንቀሳቀስም፣ የሚያወዛውዘው ፍላሸሩ ነው፤ ሊደሩ ከረዘመ ፍላሸሩ ይሽከረከራል፣ ሁቺው ግን እንደ በድን ይከተላል። ስፑን በራሱ ስለሚወዛወዝ ረጅም ሊደር ይፈልጋል።

በፒዩጀት ሳውንድ ለሳልሞን የሚፈቀደው ነጠላ ጫፍና ባርብ የሌለው መንጠቆ ነው። ባርብ ማለት ዓሣው እንዳያመልጥ ከጫፉ ወደኋላ የሚመለሰው ትንሽ እሾህ ነው፤ በጉጠት ጨፍልቁት። ከዚያ ጫፉን አውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። ጥፍሩን ከያዘ ስለት አለው፤ ከተንሸራተተ ሞርዱት ወይም ጣሉት። ማታ ቤት ውስጥ፣ በመብራት፣ ሁሉንም እሰሩና ሊደሮቹን ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ጀልባ ላይ በብርድ ጣት ቋጠሮ ማሰር የጠዋቱን ምርጥ ሰዓት ይበላል።

2. ነፋሱን አይታችሁ ወስኑ

ትንበያውን ሁለት ጊዜ እዩ፦ ማታና ከመውጣታችሁ በፊት። ለትናንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ከወጣ ተኙ፤ ሌላ ንግግር የለውም። ማስጠንቀቂያ ባይኖርም በባሕሩ ላይ 10 ኖት የሚደርስ ነፋስ ከባሕሩ ጅረት በተቃራኒ ሲነፍስ ውሃው አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ያወጣል፤ 14 ጫማ ጀልባ እሱን አይወደውም።

ሌክ ዋሽንግተን ላይ የሚጠቅማችሁ አንድ ነገር አለ። አይ-90 እና 520 የሚባሉት መንገዶች ሐይቁን የሚሻገሩት በተንሳፋፊ ድልድይ ስለሆነ ድልድዮቹ ሞገድ ይሰብራሉ። ነፋሱ ከደቡብ ከሆነ ከድልድዩ በስተሰሜን ያለው ውሃ ጸጥ ይላል፤ ከሰሜን ከሆነ በተቃራኒው። ነፋስ በድንገት ከተነሣ መጠለያችሁ እሱ ነው።

ለቤተሰብ የት እንደምትወጡ፣ የት እንደምታጠምዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ በጽሑፍ ላኩ። ነዳጁን በሦስት ክፈሉት፦ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ፣ አንዱ የማይነካ።

3. ጀልባውን ማውረድ

ለሐይቁ በሬይነር ቢች ያለው የአትላንቲክ ሲቲ ማውረጃ ወይም በሬንተን የጂን ኩሎን ፓርክ ቅርብ ናቸው። ለባሕሩ በባላርድ የኤዲ ቫይን፣ በዌስት ሲያትል ደግሞ የዶን አርሜኒ ማውረጃ አለ። ከሐይቁ ተነሥታችሁ በባላርድ የውሃ በሮች አድርጋችሁ ባሕር መውጣት ይቻላል፤ ግን ትንሽ ጀልባ መኪና ላይ ጭኖ መሄድ ይቀላል።

1. ከማውረጃው ራቅ ብላችሁ አቁሙና ዕቃ ሁሉ እዚያ ጫኑ። ወረፋ ይዛችሁ ሳንድዊች የምታስተካክሉበት ቦታ አይደለም።
2. የጀልባውን ውታፍ ግጠሙ። በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ።
3. የኋላ ማሰሪያዎችን ፍቱ፤ የፊቱን ግን ጎማው ውሃ እስኪነካ አትፍቱ።
4. ሞተሩን አንሡ፣ ተጎታቹን ቀስ እያላችሁ ወደኋላ አስገቡ።
5. ጀልባው ሲንሳፈፍ አንዱ ሰው ገመዱን ይያዝ፣ ሌላው መኪናውን ያውጣ።
6. ሞተሩን ገመዱ ሳይፈታ አስነሡና ከኋላው ቀጭን ውሃ እየተረጨ መሆኑን እዩ። ውሃ ካልወጣ ወዲያው አጥፉ፤ ማቀዝቀዣው ተዘግቷል ማለት ነው።

*ጀልባው ውስጥ ውሃ ከገባ፦* ውታፉን አስቡ። ባሕሩ ላይ ሆናችሁ ቀዳዳውን ልትደፍኑ አትታገሉ፤ ጀልባውን ወደ ተጎታቹ መልሱት፣ ውሃው ይፍሰስ፣ እንደገና ጀምሩ።

4. ፍጥነቱን አግኙ

መነሻ የሚሆኑ ፍጥነቶች እነዚህ ናቸው፦

• ትራውት፦ ከ1.8 እስከ 2.5 ማይል በሰዓት
• ኮሆ፦ ከ2.5 እስከ 3.5 ማይል በሰዓት

ሐይቅ ላይ ጂፒኤሱን እመኑት። ባሕር ላይ ግን ጂፒኤስ ያታልላል። የሚነግራችሁ ጀልባው ከመሬት አንጻር የሚሄድበትን ፍጥነት ነው፤ ማባበያው የሚያውቀው ደግሞ ውሃውን ብቻ ነው። ጅረቱ በሰዓት 1.5 ማይል ቢሄድና እናንተ ከጅረቱ ጋር ሆናችሁ ጂፒኤሱ 3 ቢል፣ ማባበያው ውሃው ውስጥ የሚሄደው በ1.5 ነው፤ ሞቷል። ዞራችሁ ወደ ጅረቱ ስትመለሱ ያው 3 ሲል ማባበያው በ4.5 እየተፈናጠረ ነው። «ወደ ሰሜን ስንሄድ ይነክሳል፣ ወደ ደቡብ ስንሄድ አይነክስም» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የገጠማቸው ይህ ነው።

ስለዚህ ባሕር ላይ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው የክሩ ወይም በክፍል 5 የምናየው የዳውንሪገር ሽቦ ማዕዘን ነው፦ ጥሩ ስትይዙ የነበረውን ማዕዘን አስታውሱና በየትኛውም አቅጣጫ ስትሄዱ እሱን ጠብቁ። ሁለተኛው የዘንጉ ጫፍ ነው። ፍላሸር በትክክል ሲሽከረከር ጫፉ እንደ ልብ ትርታ እኩል እኩል ይመታል። መምታቱን ካቆመ ወይ ፍጥነቱ ወድቋል፣ ወይ ሣር ይዟል፣ ወይ ትንሽ ዓሣ ሳታውቁት እየተጎተተ ነው።

ማባበያውን ወደ ታች ከመልቀቃችሁ በፊት ሁልጊዜ ከጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ ይዛችሁ እዩት። ስፑኑ ይወዛወዛል ወይስ እንደ ፕሮፔለር ይሽከረከራል? ከተሽከረከረ ፈጥናችኋል። ዝም ብሎ ከተከተለ ዘግይታችኋል። ይህ ሙከራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

*ሞተሩ ዝቅተኛው ላይ ሆኖም ከፈጠነ፦* የኤሌክትሪክ ሞተር ካላችሁ በእሱ ሂዱ። ከሌለ ከጀልባው ጎን፣ ከፕሮፔለሩ ራቅ አድርጋችሁ፣ ጠንካራ ባልዲ በአጭር ገመድ ጎትቱ። ገመዱ ፕሮፔለር ጋ የማይደርስ መሆኑን ሁለቴ ለኩ።

5. ጥልቀቱን አግኙ

ትራውት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ውሃ ይስማማዋል። በአሜሪካ ክረምትና በጸደይ መጀመሪያ ሐይቁ ከላይ እስከ ታች ቀዝቃዛ ስለሆነ ከትስሮት ከውሃው ገጽ 10 ጫማ ብቻ ዝቅ ብሎ እንኳ ይገኛል። በጁላይና በኦገስት የላዩ ውሃ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ወደ 40፣ ወደ 60 ጫማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። በነሐሴ ሙቀት የውሃው ገጽ ላይ ማባበያ የሚጎትት ሰው ፀሐይ እየሞቀ ነው እንጂ እያጠመደ አይደለም።

ኮሆ ጎህ ሲቀድ ላይ ነው፤ ከ20 እስከ 50 ጫማ ጀምሩ። ፀሐይ ከፍ ስትል 60፣ 80፣ 100 እያላችሁ ውረዱ።

ወደዚያ ጥልቀት ለመድረስ ሦስት መንገድ አለ።

*ሀ. ክሩ ላይ የሚታሰር እርሳስ።* ርካሽ ነው፣ ለትንሽ ጀልባም ምቹ ነው። ከ4 እስከ 8 አውንስ እርሳስ ከማባበያው በፊት እሰሩ። ክሩ ወደ ውሃው የሚገባበት ማዕዘን 45 ዲግሪ ከሆነ፣ የለቀቃችሁት 100 ጫማ 70 ጫማ ጥልቀት ይሰጣል ይባላል። ያ ወረቀት ላይ ነው፤ ክሩ ውሃ ውስጥ ስለሚጎብጥ እውነተኛው ከዚያ ያንሳል። ዋናው ነገር ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ሳይሆን መደገም መቻሉ ነው። ቆጣሪ ያለው ሪል (የክር መጠቅለያ) ከሌላችሁ ክሩን ከሪሉ እስከ መጀመሪያው ቀለበት በእጃችሁ እየሳባችሁ ቁጠሩ፤ አንዱ ስበት ወደ 2 ጫማ ነው። ዓሣ ሲነክስ ስንት ስበት እንደነበር ታውቃላችሁ፣ ትመልሱታላችሁ።

*ለ. ሌድኮር።* ውስጡ እርሳስ ያለው ክር ነው፤ ቀለሙ በየ30 ጫማው ይቀየራል። በሰዓት 2 ማይል አካባቢ አንዱ ቀለም ወደ 5 ጫማ ይወርዳል። አራት ቀለም ከለቀቃችሁ 20 ጫማ ገደማ ናችሁ። ፍጥነት ስትቀንሱ ይወርዳል፣ ስትጨምሩ ይነሣል። ለሐይቅ ትራውት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

*ሐ. ዳውንሪገር።* ከባድ የእርሳስ ኳስ በሽቦ ይወርዳል፤ ክራችሁ በመቆንጠጫ ይያያዛል፤ ዓሣ ሲነክስ ይላቀቃል። ጥልቀቱን በቀጥታ ከቆጣሪው ታነባላችሁ። ለትንሽ ጀልባ በእጅ የሚዞረውና ከ6 እስከ 10 ፓውንድ ኳስ ያለው ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ። የዳውንሪገር ኳስ የባሕር ወለል ላይ ከተቸነከረና ጅረቱ ጀልባውን ከገፋው የኋላው ክፍል ወደ ውሃ ሊሳብ ይችላል። ሽቦ መቁረጫ ሁልጊዜ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይኑር። ኳሱ ሲያዝ ወዲያው ሞተሩን ከማርሽ አውጡ፣ ሽቦውን አላሉ፣ ወደ ተያዘበት አቅጣጫ ተመለሱ። ጀልባው ማዘንበል ከጀመረ ቁረጡ። የኳስ ዋጋ አታስቡ። ወለሉ ሲቀርብ ጥልቀት መለኪያውን የሚያይ አንድ ሰው ይመደብ።

6. ክሮቹን መልቀቅ

ለመጀመሪያ ቀን ሁለት ዘንግ ይበቃል፣ ለአንድ ሰው አንድ። በአንዳንድ ሐይቆች ሁለተኛ ዘንግ የሚፈቅድ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ በየቦታው ግን አይሠራም።

1. ጀልባውን ቀጥ ባለ መስመር፣ በማጥመጃ ፍጥነት አስኪዱ። እየዞራችሁ ክር አትልቀቁ።
2. ማባበያውን ከጎን ሞክሩ።
3. ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ክሩ የተጠቀለለበትን ስፑል በአውራ ጣት ያዝ እያደረጋችሁ ካልሆነ መንጠቆው ተመልሶ የራሱን ክር ይይዛል።
4. ለትራውት ከ80 እስከ 150 ጫማ ወደኋላ ልቀቁ፤ በተለይ የውሃው ገጽ አጠገብ ስትጎትቱ የጀልባው ድምፅ ያሸሸዋል። ለኮሆ በዳውንሪገር ከሆነ ከ10 እስከ 50 ጫማ ይበቃል።
5. መቆንጠጫው ላይ አያይዙ፣ ኳሱን ቀስ ብላችሁ አውርዱ፣ ዘንጉን በማስቀመጫው ውስጥ እስኪጎብጥ ወጥሩት።
6. ጥልቁን ዘንግ መጀመሪያ፣ ላዩን በኋላ ልቀቁ።
7. ሁለቱን በተለያየ ጥልቀት አኑሩ፤ ለምሳሌ አንዱን በ30፣ ሌላውን በ50 ጫማ። አንዱ ሁለት ጊዜ ከተነከሰ ሁለተኛውንም ወደዚያው አምጡት።

ድራጉን (ዓሣ ሲጎትት ሪሉ ክር የሚለቅበትን ማጥበቂያ) አሁን አስተካክሉ። ክሩን በእጅ ጠንከር አድርጋችሁ ስትስቡ መውጣት አለበት። በጣም ከጠበቀ ኮሆ በመጀመሪያው ሩጫ ይበጥሰዋል።

7. መንዳት ማጥመድ ነው

ነጂው ዝም ብሎ ቀጥ አድርጎ የሚሄድ ከሆነ ከመሣሪያው ግማሹ ሥራ ፈትቷል። በዝግታ የእባብ መስመር እየሠራችሁ ሂዱ። ስትዞሩ የውስጠኛው ክር ይዘገያል፣ ይወርዳል፤ የውጩ ይፈጥናል፣ ይነሣል። አሁን ንክሻው የት እንደመጣ ልብ በሉ። በውጩ ከሆነ ዓሣው ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሞተሩን ትንሽ ጨምሩ። በውስጡ ከሆነ ቀንሱ ወይም ማባበያውን አውርዱ። መዞሪያው ሰፊ ይሁን፤ ጠባብ መዞር ክሮቹን ያጠላልፋል።

ዓሣ በያዛችሁበት ቦታ ጂፒኤሱ ላይ ምልክት አድርጉና በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ፍጥነት እንደገና እለፉበት። አልፋችሁ ወደ «አዲስ ቦታ» አትሂዱ።

ሐይቁ ላይ በክረምት መጨረሻና በጸደይ ትናንሽ ስሜልት ዓሦች ለመራባት ወደ ሴዳር ወንዝ ስለሚጠጉ ከትስሮቶቹ ተከትለዋቸው ወደ ሬንተን በኩል ይመጣሉ። ባሕሩ ላይ ኮሆ የሚበዛው መስከረም አካባቢ፣ ከእንቁጣጣሽ በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ጀፈርሰን ሄድና ሪችመንድ ቢች የታወቁ ቦታዎች ናቸው። ወፍ ውሃው ላይ ስትጠልቅና ትናንሽ ዓሦች ሲፈናጠሩ ካያችሁ በመካከላቸው አትግቡ፤ በዳር በዳር ዙሩ።

መርከብና ፌሪ መንገድ አይለቅላችሁም፣ ቶሎ መቆምም አይችልም። ክር ውሃ ውስጥ ቢኖርም ገና ሩቅ ሳለ እናንተ ዘወር በሉ። የሚመጣውን ሞገድ በጎን ሳይሆን በአፍንጫ፣ ትንሽ አግድም አድርጋችሁ ተቀበሉት።

8. ሲነክስ

የዳውንሪገር ዘንግ ሲነከስ አንዳንዴ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ቀጥ ይላል፤ ክሩ ከመቆንጠጫው ወጥቷል ማለት ነው። ዘንጉን አንሡና ክሩ እስኪወጠር ድረስ በፍጥነት ጠቅልሉ።

• ሞተሩን አታጥፉ። ቀስ ብሎ ወደፊት ይሂድ፤ ክሩ የሚወጠረው በዚያ ነው። ባርብ የሌለው መንጠቆ ክሩ በላላበት ቅጽበት ይወጣል።
• ሁለተኛው ሰው ሌላውን ክርና የዳውንሪገሩን ኳስ ያውጣ።
• ኮሆ ወደ ጀልባው ይሮጣል። ክሩ በድንገት ሲላላ «አመለጠ» ብላችሁ አትቁሙ፤ እስክትደነግጡ ድረስ ጠቅልሉ። ብዙ ጊዜ አለ።
• ጀልባው አጠገብ ሲደርስ እንደገና ይሮጣል። ድራጉን አትጠብቁት፣ ይሂድ።

*መረቡ ጋ*

ትልቅ ዓሣ የሚጠፋው፣ ሰውም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጎን አይቁም። ዘንግ የያዘው ወደ ተቃራኒው ጎን ወደኋላ ይቀመጥ፣ መረብ የያዘው ተንበርክኮ ይጠብቅ። መረቡ ቋጠሮ የሌለው ይሁን። ዓሣውን አታሳድዱት፤ መረቡ ውሃ ውስጥ ይቆይ፣ ዓሣው በጭንቅላቱ በኩል ወደ ውስጥ ይመራ። በጭራው በኩል መረብ የሚያስገባ ሰው ዓሣውን እየሸኘ ነው።

*ከመረቡ በፊት ለዩት*

መውሰድ የማይፈቀድ ሳልሞን በባሕሩ ላይ ጀልባ ውስጥ ማስገባት ራሱ ሕግ መጣስ ነው። ስለዚህ ገና ውሃ ውስጥ ሳለ ሁለት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ዓይነቱን። ኮሆ ከሆነ ድዱ ነጣ ያለ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣቡም የጭራው የላይኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው። ቺኑክ ድዱ ጥቁር ነው፣ ነጠብጣቡም ጭራው ላይና ታች አለ። ሁለተኛ፣ ከጀርባው ክንፍ ኋላ፣ ጭራው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሥጋማ ክንፍ። እሷ ተቆርጣ ጠባሳዋ ድኖ ከታየ ዓሣው ከማራቢያ ጣቢያ የወጣ ነው። ክንፏ ካለች የዱር ነው፤ ብዙ ቦታ የዱሩ ይለቀቃል። ለመልቀቅ መንጠቆውን ውሃው ውስጥ እያለ በጉጠት አዙራችሁ አውጡ። ጥርጣሬ ካለ ልቀቁ።

9. ከያዛችሁ በኋላ

ጭንቅላቱን በዱላ አንድ ጊዜ በደንብ ምቱ፤ ስንጥቡን ቁረጡና በባልዲ ውሃ ውስጥ ደሙን አስወጡ። ከዚያ በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ደሙ ያልወጣ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ሳልሞን ምን በርበሬ ቢደረግበት ሽታውን አይለቅም። ካርዱን አሁን ሙሉ።

ጥሬ ሥጋ ለለመደ ሰው አንድ ነገር፦ የባሕር ሳልሞን ትል ይኖረዋል። ትሉ የሚሞተው በማብሰል ወይም ቢያንስ ለ7 ቀን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች በማቀዝቀዝ ነው፤ የቤት ፍሪዘር ሁሉ ወደዚያ አይደርስም። የሳልሞን ክትፎ ያማራችሁ ለብለብ ሳይሆን በደንብ አብስሉት። ስለ ሌክ ዋሽንግተን ትልልቅ ከትስሮት ደግሞ የግዛቱ ጤና መምሪያ በውስጡ ባለው ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ምክንያት የሚበላው መጠን እንዲገደብ ይመክራል፤ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለልጆች ከማቅረባችሁ በፊት የመምሪያውን ሰንጠረዥ እዩ።

10. አልነክስ ሲል

በዚህ ቅደም ተከተል ቀይሩ፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ።

1. ክሩን አውጥታችሁ እዩ። ሣር፣ የተጠመዘዘ ሊደር ወይም የደነዘ መንጠቆ ሊኖር ይችላል። በየ20 ደቂቃው ይህን አድርጉ።
2. ጥልቀቱን በ10 ጫማ ቀይሩ።
3. ፍጥነቱን በ0.3 ማይል ጨምሩ ወይም ቀንሱ።
4. አቅጣጫ ቀይሩ፤ ባሕር ላይ ከጅረቱ ጋር ወይም በተቃራኒው ሞክሩ።
5. የሊደሩን ርዝመት ቀይሩ።
6. ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀለም።

*ይነክሳል ግን አይያዝም፦* መንጠቆው ደንዝዟል፣ ወይም ትልቅ ነው፣ ወይም የዳውንሪገሩ መቆንጠጫ በጣም ላልቶ ዓሣው ሳይወጋ ይላቀቃል።

*መቆንጠጫው በራሱ እየለቀቀ ነው፦* አጥብቁት፣ ወይም ኳሱን ስታወርዱ ዘንጉ በጣም ተወጥሯል።

*ሁለቱ ክሮች ተጠላለፉ፦* ሞተሩን ከማርሽ አውጡ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ጠቅልላችሁ አስገቡ። ለመፍታት አምስት ደቂቃ ስጡት፤ ካልተፈታ ቁረጡና ማታ ያዘጋጃችሁትን ሊደር እሰሩ። አንገታችሁን ደፍታችሁ ክር ስትፈቱ ጀልባው የት እየሄደ እንደሆነ የሚያይ ሰው ይኑር።

*ክር ፕሮፔለር ውስጥ ገባ፦* ሞተሩን አጥፉ፣ የማጥፊያ ገመዱን ንቀሉ፣ ሞተሩን አንሡ። ባሕር ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ መልሕቅ ጣሉ፣ ውሃው ጥልቅ ከሆነም ሌላው ሰው በመቅዘፊያ አፍንጫውን ወደ ሞገዱ ያዝ። በኋላው ጠርዝ ላይ የሚያጎነብሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሌላው ሰው ክብደት ፊት ለፊት ይሁን።

11. ስትመለሱ

ውታፉን ነቅላችሁ ውሃውን ሁሉ አፍሱ፤ በጀልባው፣ በተጎታቹና በፕሮፔለሩ ላይ የቀረ ሣር ካለ እዚያው ለቅማችሁ ጣሉ፤ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ተባይ የሚሻገረው በዚህ ነው። ባሕር ውለው የመጡ ሞተር፣ ሪልና መንጠቆ ያው ማታ በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ። ሞተሩን ከቧንቧ ጋር በሚያገናኘው ጆሮ መሰል ማጠቢያ አያይዛችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል አስነሡት፤ ጎማውንና የተጎታቹን ፍሬንም እጠቡ። ውታፉን ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንጠልጥሉት።